ከእግራችን በታች ያለው ምድር፦ አፋር ለምን ይንቀጠቀጣል? አህጉራትስ እንዴት ይለያያሉ?



በ2017 ዓ.ል. ታኅሣሥና ጥር ብዙዎቻችን ምድር ከእግራችን በታች ስትንቀሳቀስ ተሰምቶናል። በአዲስ አበባ በፎቅ ቤቶች የላይኛው ወለል የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት አልጋቸው ሲወዛወዝ ነቅተዋል። መንቀጥቀጡ በተነሳበት በአፋር፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ግን ነገሩ ከመደንገጥ ያለፈ ነበር። ቤቶች ተሰነጣጠቁ፣ መሬቱ ተቀደደ፣ በዶፈን ተራራ አጠገብ ትኩስ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ተስፈነጠረ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከነልጆቻቸው ቀያቸውን ለቀው መሄድ ግድ ሆነባቸው።

በዚያው ሰሞን ስልኮቻችን በሁለት ዓይነት መልእክት ተጥለቅልቀው ነበር። አንደኛው «አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው፤ ባሕሩ ሊገባ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ በዚያ አገር ሰዎች ኃጢአት ምክንያት የመጣ ቁጣ ነው» የሚል ነበር። የመጀመሪያው እውነትና ውሸት የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንም ሰው የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገር፣ የተጎዳን ወገን ዳግም የሚጎዳ ንግግር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከእግራችን በታች ምን እንዳለ፣ አህጉራት እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ አፋር ለምን ከሌላው ቦታ ተለይቶ እንደሚንቀጠቀጥ እናያለን። በመጨረሻም ይህን ማወቅ ለአንድ ሙስሊም ምን እንደሚጠቅም እንነጋገራለን፤ ኢንሻአላህ።

ማንም ወርዶ ያላየው ዓለም

ከቆምንበት እስከ ምድር መሐል ያለው ርቀት 6,371 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድርን ስፋት ለመለካት ከደከሙ ሰዎች መካከል ታላቁ ሙስሊም ሊቅ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ አንዱ ናቸው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ከተራራ ጫፍ ሆነው አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለኩ፤ ከተራራው ከፍታ ጋር አስልተውም አሁን ከሚታወቀው ብዙም ያልራቀ ልኬት አገኙ።

ስፋቱን ማወቅ ግን ውስጡን ማወቅ አይደለም። የሰው ልጅ ወደ ታች የቆፈረው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ በቆላ ልሳነ ምድር የሚገኘው ነው። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀምሮ ሃያ ዓመት ገደማ ተለፍቶበት 12,262 ሜትር ላይ ቆመ። በዚያ ጥልቀት ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ስለነበር መሣሪያው ከዚያ በላይ መግፋት አልቻለም። ይህ ሁሉ ልፋት እስከ መሐል ካለው ርቀት ከአንድ መቶኛ እንኳ በታች ነው። ምድርን በብርቱካን ብንመስላት ያ ጉድጓድ ልጣጩን በስቶ አላለፈም።

ታዲያ ውስጡን በምን አወቅነው? ገበያ ሄዳችሁ ሐብሐብ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ሳትቆርጡት በጣት መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ታዳምጣላችሁ። የምድርም ነገር እንዲሁ ነው። ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር ሞገዱ የምድርን ውስጥ አቋርጦ በሌላኛው ወገን ብቅ ይላል። በየአገሩ የተተከሉ መሣሪያዎች ሞገዱ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ፣ የት እንደታጠፈ፣ የት እንደጠፋ ይመዘግባሉ። ከሞገዶቹ አንዱ ዓይነት በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ይህ ሞገድ የምድርን መሐል አቋርጦ ወደ ማዶ ሳይደርስ ሲቀር፣ መሐል ላይ ፈሳሽ ነገር እንዳለ ታወቀ።

በዚህ መንገድ ክሮኤሺያዊው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች እ.ኤ.አ. በ1909 የምድር ቅርፊት የት እንደሚያልቅ አሳዩ። ዴንማርካዊቷ ተመራማሪ ኢንገ ሌማን ደግሞ በ1936 በፈሳሹ እምብርት ውስጥ ሌላ ጠጣር እምብርት እንዳለ አስታወቁ። አፋርን ያንቀጠቀጠው ሞገድም እንዲሁ ለሳይንቲስቶች ከታች ያለውን የሚያሳይ መብራት ነው።

አራቱ ክፍሎች

የመጀመሪያው ክፍል እኛ የምንኖርበት ቅርፊት ነው። ከየብስ በታች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንደ ሂማልያ ባሉ ታላላቅ ተራሮች ስር እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ ተራራው ወደ ላይ ከሚታየው ይልቅ ወደ ታች የሰደደው ሥር ይበልጣል። ከውቅያኖስ በታች ግን ቅርፊቱ ስስ ነው፤ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሁለተኛው ክፍል ማንትል ይባላል። እስከ 2,890 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚደርስ ሲሆን የምድርን አብዛኛውን ይዘት የያዘው እሱ ነው። ብዙ ሰው ከቅርፊቱ በታች ሁሉም ነገር የሚፈላ ቅልጥ ድንጋይ ይመስለዋል። ይህ ስህተት ነው። ማንትል በአብዛኛው ጠጣር አለት ነው። ነገር ግን ሙቀቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ በጣም ረጅም በሆነ ጊዜ ውስጥ እንደ ለሰለሰ ሰም ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። በመዶሻ ቢመቱት ይሰበራል፤ ሚሊዮን ዓመት ቢሰጡት ግን ይፈስሳል።

ሦስተኛው ውጫዊ እምብርት ነው። እስከ 5,150 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርድ፣ በአብዛኛው ከብረትና ከኒኬል የተሠራ ፈሳሽ ነው። ይህ የቀለጠ ብረት ሲንቀሳቀስ የምድርን ማግኔታዊ ኃይል ይፈጥራል። በጉዞ ላይ ሆነን ቂብላን ለማግኘት ኮምፓስ ስናወጣ መርፌዋን የሚያዞራት ከእግራችን በታች ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የሚንቀሳቀሰው ያ የቀለጠ ብረት ነው። ሱብሓነላህ!

አራተኛው ውስጣዊ እምብርት ነው። ሙቀቱ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት ጋር የሚቀራረብ፣ ከ5,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ የብረት ኳስ ነው። ይህን ያህል ግሎ ሳይቀልጥ ጠጣር ሆኖ የቀረው ከላይ የተጫነው ክብደት ስለጨፈለቀው ነው።

የዚህ ሁሉ ሙቀት ምንጭ ሁለት ነው። አንዱ ምድር ስትፈጠር የተጠራቀመው ሙቀት ነው። ሌላው በአለቶች ውስጥ ያሉ እንደ ዩራኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ቀስ በቀስ ሲበሰብሱ የሚለቁት ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። አህጉራትን ወደሚያንቀሳቅሰው ነገር የምንደርሰውም በዚህ በኩል ነው።

የተቀዳደደው ካርታ

የዓለም ካርታን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር አይሰወረውም። የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና የአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እንደተቀደደ ወረቀት ይገጣጠማሉ። ይህን ካስተዋሉት አንዱ ካርታ ሠሪው አብርሃም ኦርቴሊየስ ሲሆኑ፣ ጊዜውም 16ኛው መቶ ዘመን ነበር። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 ነገሩን ከማስተዋል አልፈው በማስረጃ አቀረቡት። አህጉራት ሁሉ በአንድ ወቅት ፓንጂያ የተባለ አንድ ሰፊ የብስ ነበሩ፤ ኋላም ተለያይተው ተጓዙ አሉ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ሜሶሳውረስ የተባለች፣ ውቅያኖስ አቋርጣ ልትዋኝ የማትችል ትንሽ ተሳቢ እንስሳ ቅሪተ አካሏ በብራዚልም በደቡባዊ አፍሪካም መገኘቱ ነበር።

የዘመኑ ሊቃውንት አብዛኞቹ አልተቀበሏቸውም። «አህጉርን የሚያህል ነገር ምን ኃይል ይገፋዋል?» የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረውም። ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ለምርምር እንደወጡ ሞቱ፤ ሐሳባቸው ተቀባይነት ሲያገኝ ሳያዩ።

መልሱ የመጣው ከባሕር ወለል ነው። በ1950ዎቹ ሜሪ ታርፕ የተባሉ አሜሪካዊት የአትላንቲክን ወለል ካርታ ሲሠሩ በውቅያኖሱ መሐል ረጅም የተራራ ሰንሰለት፣ በሰንሰለቱም አናት ላይ ስምጥ ሸለቆ እንዳለ አዩ። በ1963 ደግሞ ከዚያ ሰንሰለት ግራና ቀኝ ያሉት አለቶች የምድርን ማግኔት ታሪክ ተመዝግበው እንደያዙ ታወቀ። ከታች የወጣው ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች እንደ ኮምፓስ መርፌ በጊዜው ወደነበረው የማግኔት አቅጣጫ ዞረው ይደርቃሉ። በግራ የተገኘው ቅደም ተከተል በቀኝ ካለው ጋር አንድ ሆነ። ስለዚህ የባሕሩ ወለል ከመሐል እየተወለደ ወደ ሁለቱም ወገን ይገፋል ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ሳተላይት በቀጥታ ይለካዋል። አትላንቲክ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የጣታችን ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት የሚቀራረብ ነው።

የምድር የላይኛው ጠንካራ ክፍል፣ ቅርፊቱና ከስሩ ያለው የማንትል አናት፣ አንድ ወጥ አይደለም። ፕሌት በሚባሉ ትላልቅና ትናንሽ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ድስት ላይ ሽሮ ሲንተከተክ ትኩሱ ከመሐል ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በጠርዝ በኩል ይወርዳል። ማንትልም እጅግ በዘገየ ፍጥነት እንዲሁ ይዞራል። በተለይ አርጅቶና ቀዝቅዞ የከበደ የባሕር ወለል ወደ ማንትል ሲሰምጥ ከኋላው ያለውን ሰሌዳ እየጎተተ ይወስደዋል። ሰሌዳዎች በሚጋጩበት ቦታ ተራራ ይነሳል። ሕንድ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተላትማ ሂማልያን አንስታለች፤ በኤቨረስት አናት ላይ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት ድንጋይ ይገኛል። ሰሌዳዎች በሚለያዩበት ቦታ ደግሞ ምድር ትሳሳለች፣ ትሰምጣለች፣ በመጨረሻም ባሕር ይገባባታል። ይህ ሁለተኛው ነገር በአብዛኛው ከውቅያኖስ በታች ተሰውሮ የሚከናወን ነው። በየብስ ላይ በእግር ተሂዶ ሊታይባቸው ከሚችሉ ጥቂት ቦታዎች አንዱ አፋር ነው።

ሦስት መንገድ የሚገናኝበት አገር

ካርታ አውጡና ቀይ ባሕርን፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤንና ታላቁን ስምጥ ሸለቆ ተመልከቱ። ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የዐረቢያ ሰሌዳ፣ በምዕራብ የኑቢያ ሰሌዳ፣ በደቡብ ምሥራቅ የሶማሊያ ሰሌዳ ከዚህ ነጥብ እየተለያዩ ይሄዳሉ።

ታሪኩ የተጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከማንትል ወደ ላይ የወጣ ትኩስ አለት ምድሪቱን ከስር ገፍቶ ከፍ አደረጋት። ትኩስ አለት ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ክብደት ስለሚቀንስለት ይቀልጣል፤ ማግማ የሚባለውም ይኸው ቅልጥ አለት ነው። ማግማው ፈስሶ የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነውን ጥቁር ድንጋይ ሠራ። የሰሜን ተራሮችን ገደል ያየ ሰው በጎን የተደራረበውን ንጣፍ ያስታውሳል፤ እያንዳንዱ ንጣፍ አንድ የላቫ ጎርፍ ነበር። ከዚያም ዐረቢያ ከአፍሪካ መለየት ጀመረች። ከደጋው በታች ያለው ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወፍር፣ አፋር ላይ ግን እንደተዳመጠ ሊጥ ሳስቶ በደናክል 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቀርቷል።

ስለሳሳም ሰመጠ። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በጎረቤት ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ሆኗል። ባለፉት ዘመናት ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ገብቶ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውኃው በፀሐይ ተነነና ጨዉ ቀረ። አባቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩበት የኖሩት፣ የአፋር ወንድሞቻችን ዛሬም በዚያ ሐሩር እየፈለጡ በግመል የሚጭኑት ጨው የባሕር ቅሪት ነው። በሸለቆው ጠርዝ ላይ ደግሞ የደረቀ የባሕር ዛጎልና ኮራል ይገኛል።

እነሆ «ባሕር ሊገባ ነው» የሚለው ወሬ ከእውነት የሚገናኝበት ቦታ ይህ ነው። አዎ፣ ሰሌዳዎቹ በዚሁ ከቀጠሉ አፋር የውቅያኖስ ወለል ሊሆን ይችላል። ግን መቼ? ከአፋር ወደ ደቡብ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚሰፋው አንድ ክንድ አይሞላም። አፍሪካ ለሁለት እስክትከፈል የሚያስፈልገው ጊዜ በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው። ዛሬ ማታ ሻንጣ የሚያስይዝ ጉዳይ አይደለም።

ይህን በሌላ ስሌት እንየው። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሰሓባዎች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ፍትሐዊው ንጉሥ ነጃሺ የመጡት እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ነው። ዐረቢያና አፍሪካ በዚህ በኩል በዓመት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሒጅራ ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል የተጨመረው ርቀት 20 ሜትር ገደማ ነው። አሥራ አራት መቶ ዓመት አልፎ፣ ስንት መንግሥት ወድቆ ተነስቶ፣ የአንድ መካከለኛ መስጂድ ርዝመት ያህል ብቻ!

ቀስ ብሎ የሚጠራቀም፣ ድንገት የሚለቀቅ

ታዲያ እንቅስቃሴው ይህን ያህል ዝግ ያለ ከሆነ መንቀጥቀጡ ለምን ድንገተኛ ሆነ? አለት እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይበጠሳል። የብዙ ዓመት ውጥረት በሰከንዶች ይለቀቃል። አንዳንዴ ደግሞ ማግማ ከታች መጥቶ ስንጥቁን ይሞላና እንደ ሽብልቅ ይከፍተዋል።

መስከረም 1998 ዓ.ል. (እ.ኤ.አ. 2005) በአፋር ዳባሁ አካባቢ የሆነው ይህ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማግማ ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ መሬቱም እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህ ሰሌዳዎቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የሚሄዱት መንገድ ነው። አብዛኛው ማግማ ከምድር በታች ቀረ፤ ወደ ላይ የወጣው በጣም ትንሽ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያጠኑት ይህ ክስተት አህጉር እንዴት እንደሚከፈል ለዓለም ሳይንስ ትልቅ ትምህርት ሆኗል።

በ2017 በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነውም ተመሳሳይ ነገር ነው። ሳተላይቶች መሬቱ ሲከፈትና ሲሰምጥ መዝግበዋል፤ ከስር ማግማ ወደ ጎን እየገፋ ነበር። መንቀጥቀጡ መስከረም ላይ ተጀምሮ በታኅሣሥ መጨረሻ በረታ፤ የካቲት 7 ደግሞ መጠኑ 6 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ፣ ሲፈነዳ የታየበት ታሪክ የሌለው ተራራ፣ ፈነዳ። አመዱ የአፍዴራን አካባቢ አለበሰ፤ ነፋስ ይዞትም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዑማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ። የአፋር አርብቶ አደር ግን የግጦሽ ሣሩ በአመድ ተሸፍኖበት ከብቶቹን ምን እንደሚያበላ ተጨነቀ።

ሒጃዝም የዚሁ ታሪክ አካል ነው

ሐጅና ዑምራ ያደረጋችሁ ከመካ ወደ መዲና ስትጓዙ በመንገዱ ዳር የተዘረጋውን ጥቁር የድንጋይ ሜዳ አስተውላችሁ ይሆናል። ሐርራ ይባላል፤ የደረቀ ላቫ ነው። ዐረቢያ ከአፍሪካ ስትለይ የሳሳው ምድር በዚያም በኩል እሳት አውጥቷል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሒጃዝ ምድር ታላቅ እሳት እንደሚወጣና ብርሃኑ በሻም አገር እስካለችው ቡስራ እንደሚደርስ መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በ654 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1256) ከመዲና ደቡብ ምሥራቅ ምድር ለቀናት ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያም ተሰንጥቃ ላቫ ፈሰሰ። እሳቱ 52 ቀናት ገደማ ቆየ። ላቫው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ቆመ። በዚያ ዘመን የነበሩት ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ይህን እሳት በሐዲስ ማብራሪያቸው ጠቅሰውታል።

በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2009 ከመዲና ሰሜን ምዕራብ ባለው ሐርራ ሉነይር ልክ እንደ ፈንታሌ በሺዎች የሚቆጠሩ መንቀጥቀጦች ደርሰው፣ የሳዑዲ መንግሥት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከአካባቢው አውጥቶ ነበር። ማግማው ወደ ላይ ሳይወጣ ቀረ፤ ሰዎቹም ተመለሱ።

ማወቅ ኢማንን ይቀንሳል?

አንዳንድ ወንድሞች «መንቀጥቀጥን በሰሌዳና በማግማ ማስረዳት የአላህን ሥራ መካድ አይሆንም?» ብለው ይጠይቃሉ። አይሆንም። ዝናብ ከደመና እንደሚወርድ ማወቅ ዝናብን ያወረደው አላህ መሆኑን እንደማያስረሳ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። ሰበቡን የፈጠረው እሱ ነው። ኢብኑ ሲና ተራሮች በመሬት መንቀጥቀጥ ከፍ በማለት ወይም ውኃ ዙሪያቸውን በመሸርሸር እንደሚፈጠሩ ጽፈዋል። አል-ቢሩኒም የሕንድን ሜዳ አፈር መርምረው ቦታው ቀድሞ ባሕር እንደነበር ደምድመዋል። ምድርን መመርመር ለሙስሊም ሊቃውንት ባዕድ ሆኖ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሱረቱ ጦላቅ መጨረሻ ላይ የተጠቀሱትን ሰባት ምድሮች ከምድር ውስጣዊ ክፍሎች ጋር አንድ ለማድረግ የሚሞክሩ ጽሑፎች ይሰራጫሉ። ከላይ እንዳየነው ሳይንቲስቶች እንደ አከፋፈላቸው ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ነገም አቆጣጠሩ ሊቀየር ይችላል። የአላህን ቃል በሚለዋወጥ ቁጥር ላይ ማንጠልጠል ለቁርኣን ክብር አይጨምርም። ትርጉሙን ለተፍሲር ሊቃውንት እንተው።

«ቁጣ ነው» ወደሚለው ንግግር ስንመለስ፣ የነቢዩ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ሰዎች «ለእሱ ሞት ነው» ሲሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑና ለማንም ሞት ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ወደ ሶላትና ወደ ዱዓም መሩን። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ምልክት ስናይ ወደራሳችን ተመልሰን ተውበት እናድርግ፤ በሌላው ሰው ኃጢአት ላይ ፍርድ ለመስጠት ግን ማስረጃ የለንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኖሩባት ከተማ ደጃፍ እሳት የወጣባት ምድር፣ የአፋርን ሕዝብ ለመውቀስ ምድርን ምስክር ማድረግ እንደማይቻል ታስተምረናለች። የአፋር ወገኖቻችን ቀያቸው የተሰነጠቀው ሦስት ሰሌዳ በሚለያይበት ቦታ ስለሚኖሩ ነው።

ግመልህን እሰር

ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ማስተማራቸው ይታወቃል። ስለ ምድር ያወቅነውም ለዚህ ነው። መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ የለም፤ «ዛሬ ማታ 9 ሰዓት ይመጣል» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ አታሰራጩት። የት ሊመጣ እንደሚችል ግን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። በ1969 ደግሞ በአፋር ሰርዶ ፈርሳ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው ያለን ሁሉ ይመለከተናል።

ቤት ውስጥ ሆናችሁ መንቀጥቀጥ ቢጀምር ጎንበስ በሉ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብታችሁ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፤ ከመስኮትና ሊወድቅ ከሚችል ቁም ሣጥን ራቁ። እየተንቀጠቀጠ ሳለ በደረጃ አትሩጡ፣ ሊፍት አትጠቀሙ። ቤታችሁ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሆኖ በሩ ቅርብ ከሆነ ፈጥናችሁ ወደ ሜዳ ውጡ። ውጭ ከሆናችሁ ከግንብ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከሚናራ ራቁ። ሲያቆም ጋዝና መብራት አጥፉ፤ ተከታይ መንቀጥቀጥ ሊኖር ይችላልና ወደተሰነጠቀ ቤት አትመለሱ። ሶላት ላይ ብትሆኑ እንኳ ነፍስን ለማዳን ሶላትን ማቋረጥ እንደሚፈቀድ ዑለሞች አስተምረዋል።

መስጂድና መድረሳ የሚያሠሩ ኮሚቴዎች ደግሞ ልዩ አደራ አለባቸው። በጁምዓ ቀን አንድ ጣራ ስር ብዙ መቶ ነፍስ ይሰበሰባል። የአገራችን የግንባታ ደንብ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት ክፍል አለው። ሚናራውን ከማስረዘም በፊት መሐንዲሱን «ይህ ሕንፃ ለመንቀጥቀጥ ታስቦለታል?» ብሎ መጠየቅ የአደራው አካል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ከቀያቸው የተነሱትን አንርሳ። መንቀጥቀጡ ከዜና ሲወጣ የፈረሰው ቤት አይጠገንም፣ አመድ የለበሰው ግጦሽም ወዲያው አይለመልምም። ምድሪቱ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየሄደች ሚሊዮን ዓመታት ትቆያለች። ክረምቱን ያለ ቤት ያሳለፈች እናት ግን ይህን ያህል ልትጠብቅ አትችልም። ዘካችንና ሶደቃችን ሊደርስላቸው የሚገባው ወገኖች እነሱ ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፤ ያጡትን ይተካላቸው፤ የሚጠቅም እውቀትም ይስጠን። ወሏሁ አዕለም።